ኳስና አካፋ

በጎረቤታችን በኬንያ፣ በናይሮቢ ከተማ፣ ማታሬ የሚባል የድሆች ሰፈር አለ። ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ቆሻሻ ቦዩን ሲዘጋው የዝናብ ውሃ ቤት ይገባል፤ ልጆች ይታመማሉ። ልጆቹ ከፌስታልና ከገመድ ኳስ ሠርተው ይጫወቱ ነበር።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1987 በሰፈሩ የወጣቶች ስፖርት ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩም ደንብ አወጣ። ሰፈር ያጸዳ ቡድን 6 ነጥብ ያገኛል አለ። ይህ ጨዋታ ከማሸነፍ ይበልጣል!

እኛ አስተማሪዎቻችሁ ይህን ስንሰማ ሳቅን። ኳስና አካፋን ምን አገናኛቸው? ነገሩ ግን ብልሃት አለው። ዋንጫ የፈለገ ልጅ አካፋ ይዞ ወጣ፤ ቦዩን ጠረገ። ከዚህ ማኅበር የወጣው ማታሬ ዩናይትድ የተባለው ቡድን በ2008 የኬንያን ሊግ ዋንጫ ወሰደ።

ዋንጫው ይቅርና የትምህርቱን ነገር እንንገራችሁ። በዚያ ሰፈር ብዙ ልጅ የሚከፍለው እያጣ ከትምህርት ቤት ይቀር ነበር። ታናናሾቹን ያሠለጠነ፣ ጽዳት የሠራ ወጣት ነጥብ ተያዘለት። ነጥቡ ሲበዛ ሽልማት አገኘ። ገንዘቡ ግን በእጁ አልተሰጠም፤ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ተከፈለ። እኛ ከሁሉ የወደድነው ይህን ነው። ገንዘብ እጅ ከገባ መንገዱ ብዙ ነዋ!