ፈረስ እንዴት ይጎትታል? ጎታች ፈረስን የመግራትና የመንዳት ጥበብ ከሮም እስከ ኢትዮጵያ

በሮም ከተማ ኢትዮጵያውያን በልዩ ስሜት የሚያስታውሱት አንድ አደባባይ አለ፤ ፖርታ ካፔና ይባላል። በፋሺስት ወረራ ዘመን ከአክሱም ተዘርፎ የተወሰደው ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በ2003 እስኪነቀል ድረስ የቆመው በዚሁ አደባባይ ነበር። ከአደባባዩ አጠገብ የሚታየው ግዙፍ ሕንፃ የጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር እንዲሆን ታስቦ የተጀመረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1951 ወዲህ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት ሆኗል። በሌላው ወገን ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ የሚረዝም ሣር የለበሰ ሜዳ ተዘርግቷል። ይህ ጥንታዊ ሮማውያን በአራት ፈረስ የሚጎተቱ ሠረገላዎችን ያሽቀዳድሙበት የነበረው ሰርከስ ማክሲመስ ነው።

ሜዳውና ሕንፃው፣ ዘመናቸው ቢራራቅም፣ አንድ የሚያገናኛቸው ጉዳይ አለ። በሜዳው ላይ የፈረስ ጉልበት ለትርኢት ይውል ነበር፤ በሕንፃው ውስጥ ደግሞ የጎታች እንስሳት ጉልበት ለእንጀራ እንዴት እንደሚውል ይጠናል። ፋኦ እ.ኤ.አ. በ1972 ጎታች እንስሳት በግብርና ስለሚሰማሩበት መንገድ የሚያስረዳ መመሪያ መጽሐፍ አሳትሟል። ለመሆኑ ፈረስ ራሱን የሚያህል ወይም የሚበልጥ ሸክም ሳይጎዳ የሚጎትተው እንዴት ነው? ሰውስ ይህን ኃይለኛ ግን ፈሪ እንስሳ ከኋላው ሆኖ መምራትን እንዴት ይማራል?

ፈረስ በሬ አይደለም

በበሬ ማረስ ለኢትዮጵያዊ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ቀንበሩ ከሻኛው ፊት ያርፋል፤ በሬው በጫንቃው ይገፋዋል፤ ምራንና ሞፈር ጉልበቱን ወደ ማረሻው ያደርሱታል። የበሬ አንገት ዝቅ ያለና ወፍራም በመሆኑ፣ ሻኛውም ቀንበሩን ደግፎ ስለሚይዘው፣ ይህ ቀላል መሣሪያ ለሺህ ዓመታት በቂ ሆኖ ቆይቷል።

ፈረስ ግን ሻኛ የለውም። አንገቱ ወደ ላይ የቆመ ነው፤ የመግፋት ኃይሉም የሚመነጨው ከኋላ እግሮቹ ሆኖ በደረቱና በትከሻው በኩል ይወጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ ፈረስ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ነው። እንደ ሰው ወይም እንደ ውሻ በአፉ አየር መሳብ አይችልም። ስለዚህ አፍንጫውን የሚያጣብብ ወይም ጉሮሮውን የሚጫን ጠፍር አየር ያሳጥረዋል፤ አየር ሲያጥረው ደግሞ ጉልበቱ ይከዳዋል።

የአመጋገቡም ነገር ይለያል። በሬ ጠዋት የበላውን በእረፍቱ ሰዓት ያመነዥካል። ፈረስ አያመነዥክም፤ ጨጓራውም ከሰውነቱ አንፃር ሲታይ ትንሽ ነው። በተፈጥሮው ጥቂት ጥቂት እያለ ቀኑን ሙሉ እንዲግጥ የተሠራ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ሳይበላ ሲጎትት ውሎ ማታ በአንድ ጊዜ ብዙ እህል የሚሰጠው ፈረስ ለከባድ የሆድ ሕመም ይጋለጣል።

«ማነቆው» የት ላይ ነው?

በአማርኛ ማነቆ የቀንበሩ አካል ነው፤ በሬው ከቀንበሩ እንዳይወጣ አንገቱን ግራና ቀኝ ይይዛል። የጥንቱን ዘመን ፈረስ የሚመለከት አንድ ታዋቂ የሳይንስ ክርክርም ያጠነጠነው በዚሁ በማነቆ ጉዳይ ላይ ነው።

ሌፌቭር ዴ ኖኤት የተባሉ የፈረንሳይ ፈረሰኛ ጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የግሪክና የሮም ዘመን የፈረስ ዕቃ የፈረሱን ጉሮሮ ያንቅ ስለነበር ከባድ ሸክም መጎተት አይቻልም ነበር ሲሉ ጻፉ። ከማስረጃዎቻቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ438 የተጠናቀረው የቴዎዶስዮስ ሕግ ነው። ሕጉ በመንግሥት የመጓጓዣ አገልግሎት ላይ የተሰማራ ከባድ ሠረገላ ከ1,500 የሮም ሊብራ፣ ማለትም ወደ 490 ኪሎ ግራም ከሚጠጋ ጭነት በላይ እንዳይጫንበት ይከለክላል። እንደ መኮንኑ አስተያየት፣ አውሮፓ ከዚህ እጥረት የተላቀቀችው ከመካከለኛው ዘመን ወዲህ፣ በትከሻ ላይ የሚያርፈው በገለባ ወይም በጸጉር የተሞላ የአንገት ዕቃ ሲስፋፋ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለአሥርት ዓመታት ሲያስተምር ከቆየ በኋላ፣ ዣን ስፕሩይት የተባሉ ሌላ ፈረንሳዊ የፈረስ ባለሙያ ጥንታዊዎቹን ዕቃዎች ከሥዕልና ከቅርጻ ቅርጽ እያዩ እንደገና ሠርተው በሕያው ፈረሶች ላይ ሞከሯቸው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1977 ይፋ አደረጉ። ቀዳሚው ተመራማሪ ሁለት የተለያዩ ዓይነት ዕቃዎችን አደባልቀው አንድ እንዳደረጓቸው፣ በትክክል የተሠራው ዕቃ ግን ፈረሱን እንደማያንቀው አሳዩ። በአንደኛው ዓይነት ቀንበሩ አንገት ላይ፣ በሁለተኛው ደግሞ ጀርባ ላይ ያርፋል፤ በሁለተኛው የሚጎትተው ጠፍር ከጉሮሮ ዝቅ ብሎ ደረት ላይ ይውላል። ሕጉ የጣለው ገደብም የመንግሥትን እንስሳትና ሠረገላዎች ከብልሽት ለመጠበቅ የወጣ ሊሆን እንደሚችል ሌሎች ተመራማሪዎች አመልክተዋል።

ክርክሩ የታሪክ ይምሰል እንጂ ለዛሬ ባለጋሪ የሚሆን ቁም ነገር አለው። የጠፍሩ ቦታ በጥቂት ጣት ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የእንስሳው ዕድል ይለወጣል። የደረት ጠፍር ከጉሮሮው በታች፣ ከትከሻው አንጓ ደግሞ በላይ መዋል አለበት። ከፍ ካለ ያንቃል፤ ዝቅ ካለ የእግሩን እንቅስቃሴ ይገድባል። የአንገት ዕቃ የሚጠቀም ሰው ደግሞ በዕቃው ታችኛ ጫፍና በፈረሱ ጉሮሮ መካከል የተዘረጋ እጁን ማስገባት መቻሉን ያረጋግጣል። ዕቃው ከጠበበ አየር ይከለክላል፤ ከሰፋ ደግሞ እየተንሸራተተ ትከሻውን ይልጣል።

የፈረስ ጉልበት በቁጥር

«የፈረስ ጉልበት» የሚለውን የኃይል መለኪያ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋወቀው የእንፋሎት ሞተር መሐንዲሱ ጄምስ ዋት ነው፤ መጠኑም 746 ዋት ያህል ነው። በየዕለቱ ለሰዓታት የሚሠራ አነስተኛ ፈረስ ግን ይህን ያህል ኃይል ያለማቋረጥ አይሰጥም። በግምት አንድ ፈረስ ለረጅም ሰዓት ሳይጎዳ ሊያወጣ የሚችለው የመሳብ ኃይል ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ነው። 300 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ 30 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል እየሳበ በሰከንድ አንድ ሜትር ቢራመድ 300 ዋት ገደማ ይሰጣል። ለአፍታ፣ ለምሳሌ ጋሪውን ከጉድጓድ ለማውጣት፣ ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ከቁጠባ የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ በየደቂቃው አይገኝም።

ታዲያ 30 ኪሎ በሚያህል ኃይል 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጋሪ እንዴት ይጎተታል? መልሱ መንኮራኩሩ ነው። ሜዳ በሆነና በጠነከረ መንገድ ላይ ጋሪውን ለማስኬድ ከክብደቱ ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት እጅ፣ ማለትም ከ10 እስከ 15 ኪሎ ግራም የሚያህል ኃይል ይበቃል። በጭቃ ወይም በአሸዋ ላይ ግን ይኸው ጋሪ 50 ኪሎና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር የሚወጣ ዳገት ከሆነ ደግሞ በመንገዱ ላይ ሌላ 25 ኪሎ ይጨመራል። ስለዚህ በአስፋልት ላይ የማይከብድ ጭነት በክረምት ጭቃ ከፈረሱ አቅም በላይ ይሆናል። ፈረሱ «ለግሞ» የቆመ የሚመስለን ብዙ ጊዜ ሂሳቡ ስላልተሟላ ነው።

በባለ ሁለት መንኮራኩር ጋሪ ላይ የጭነቱ አቀማመጥም መታየት አለበት። ክብደቱ ወደ ፊት ካደላ የጋሪው ዘንጎች የፈረሱን ጀርባ ይጫናሉ። ወደ ኋላ ካደላ ደግሞ ዘንጎቹ ወደ ላይ ይነሡና የሆዱን ጠፍር ሽቅብ ይስቡታል። ጭነቱ በመንኮራኩሩ ዘንግ ላይ ተመጣጥኖ ሲያርፍ ፈረሱ መጎተት እንጂ መሸከም አይጠበቅበትም።

ፈረሱ እንዴት ይማራል?

ፈረስ በተፈጥሮው የሚታደን እንስሳ ነው። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ የማያየው ከግንባሩ ፊት ያለውን ጠባብ ቦታና በቀጥታ ከኋላው ያለውን ብቻ ነው። የሚጎትተው ጋሪ የሚገኘው ደግሞ በዚያው በማያየው ቦታ ነው። ከኋላው የሚንኳኳ፣ ቢሸሽም የማይለቀው ነገር መኖሩ ያስደነብረዋል። ጎታች ፈረስን መግራት ማለት እንግዲህ ይህን ፍርሃት በትዕግሥት ማስረሳት ማለት ነው።

ሮማዊው ጸሐፊ ቫሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ37 ዓመት ገደማ ስለ ግብርና በጻፈው መጽሐፍ፣ ውርንጭላዎች ገና ሳይገሩ መልኩንና ድምፁን እንዲለምዱት ልጓም በጋጣቸው ውስጥ እንዲሰቀል ይመክራል። የዛሬ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪዎች ይህንኑ «ማለማመድ» ይሉታል፤ ጉዳት የማያስከትል ነገር ሲደጋገም እንስሳው እንደ ስጋት መቁጠሩን ይተዋል።

ሁለተኛው መርህ ጫናና መልቀቅ ነው። ፈረስ የሚማረው ዛቡ ሲሳብ ሳይሆን ሲላላ ነው። ነጂው «ቁም» ብሎ ዛቡን ቀስ አድርጎ ይይዛል፤ ፈረሱ በቆመባት ቅጽበት ያላላዋል። ማላላቱ ጥቂት ሰከንድ ከዘገየ ፈረሱ የትኛው ሥራው እንደተወደደለት አያውቅም። ቆሞም ሳለ የሚሳብ ፈረስ መቆም ትርጉም እንደሌለው ይማራል፤ አፉም ቀስ በቀስ ይደነዝዛል።

ሥልጠናው በደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ ፈረሱ ዕቃውን ለብሶ መቆምን ይለምዳል። ቀጥሎ ነጂው ረጅም ዛብ ይዞ ከኋላው በእግሩ እየተከተለ መሄድን፣ መቆምንና መዞርን ያስተምረዋል። ከዚያ አንድ ረዳት በራሱ በኩል ይዞት ቀላል ግንድ ይጎትታል፤ የሚጎተተውን ነገር ድምፅና ክብደት የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። ጋሪው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በአንዱ ደረጃ ከፈራ ወደ ቀድሞው መመለስ ውርደት አይደለም፤ ገበሬ ወይፈንን ከልምድ ካለው በሬ ጋር ጠምዶ እንደሚያቀናው ሁሉ፣ ጀማሪ ፈረስም ከአዋቂ ፈረስ አጠገብ ቶሎ ይረጋጋል።

በሚገባ የተማረ ፈረስ የተማረውን በቀላሉ አይረሳም። በቀደመው ዘመን ከሮም አጠገብ ካሉት ኮረብታዎች የወይን ጠጅ በርሜል ጭነው በሌሊት ወደ ከተማ የሚገቡ ባለጋሪዎች ነበሩ። ባለጋሪው በመንገድ ላይ ሲያንቀላፋ ፈረሱ መንገዱን፣ ትንሿ ውሻው ደግሞ በርሜሎቹን ይጠብቁለት ነበር።

ነጂውስ?

የሰርከስ ማክሲመስ ሠረገላ ነጂዎች ዛቡን በወገባቸው ይጠመጥሙ ነበር። ሠረገላው ሲገለበጥ ቆርጠው ለመዳንም ቢላዋ ይታጠቁ ነበር። ዛሬ በእርሻ ላይ ጎታች ፈረስ መንዳት የሚማር ሰው ከሚነገሩት የመጀመሪያ ሕጎች አንዱ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ዛብን በእጅህም ሆነ በሰውነትህ ላይ ፈጽሞ አትጠምጥም። ፈረስ ከደነበረ ሰውን ይጎትታል፤ ሰው ግን ፈረስን አይጎትትም።

ሁለተኛው ሕግ ፈረሱ ከጋሪው ሳይፈታ ልጓሙን አለማውለቅ ነው። ሦስተኛው በፈረሱና በጋሪው መካከል አለመቆም ነው። አራተኛው ድምፅን ከዛብ ማስቀደም ነው፤ ፈረሱ በቃል ከታዘዘ አፉ ያርፋል። ከሁሉም በላይ ጀማሪ ነጂ ከጀማሪ ፈረስ ጋር አይጣመርም፤ ያላወቀ ሰው ከአዋቂ ፈረስ፣ ያላወቀ ፈረስም ከአዋቂ ሰው ይማራል።

እርሻ ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የእኛ ገበሬ በአንድ እጁ እርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ይዞ ሁለት በሬዎችን በድምፁ ይመራል። በአንድ ፈረስ የሚያርስ ሰው ግን ዛቡንና የማረሻውን እጀታ አንድ ላይ መያዝ አለበት፤ ስለዚህ ፈረሱ ፈር ሳይለቅ በራሱ መሄድን እስኪለምድ ድረስ ሌላ ሰው ከፊት ይመራዋል።

ጥያቄው ወደ ቤታችን ሲመጣ

ሮም ዛሬ «ቦቲቼሌ» የተባሉት የቱሪስት ጋሪዎቿ በሙቀትና በመኪና ጭንቅንቅ መካከል ይሥሩ ወይስ ይቅሩ በሚል ለዓመታት ተከራክራለች። በኢትዮጵያ ግን ጥያቄው ከቱሪስት ያለፈ ነው። በቢሾፍቱ፣ በባሕር ዳርና በሌሎች በርካታ ከተሞች የጋሪ ፈረስ የቤተሰብ እንጀራ ሆኖ ኖሯል። ባጃጅ ብዙውን መንገድ ቢረከብም፣ መኪና በማይደርስበት ሰፈርና ገጠር ውኃ፣ እህልና ሲሚንቶ የሚያደርሰው አሁንም ይህ እንስሳ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ብዙዎቹ ፈረሶች የሚቆስሉት ባለቤቱ ጨካኝ ስለሆነ ሳይሆን ዕቃው ስለማይስማማ መሆኑ ነው። ከጎማ ቁራጭ ወይም ከናይለን ገመድ የተሠራ ጠባብ ጠፍር ቆዳውን ይልጣል። ቁስሉ ለዝንብና ለበሽታ በር ይከፍታል። የጋሪ ፈረሶችን በእጅጉ የሚያጠቃው በፈንገስ የሚመጣው የሊምፍ ቧንቧ በሽታም አንዱ መግቢያው የተላጠ ቆዳ ነው። ፈረሱ ሲቆም የቤቱ ገቢም ይቆማል።

መፍትሔው ግን ሁልጊዜ ውድ አይደለም። ጠባቡን ገመድ በሰፊ ጠፍር መተካት፣ ከሥሩ ንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ ማድረግ፣ ማታ ማታ ላቡን ማጠብ፣ ጠዋት ከመጠመዱ በፊት ደረቱን፣ ጀርባውንና ሰኮናውን በእጅ መዳሰስ፣ በእኩለ ቀን ውኃና ጥቂት ገፈራ መስጠት ከማንኛውም ባለጋሪ አቅም በላይ አይደለም። የዳሰሰ እጅ ትኩሳትና እብጠትን ቁስል ከመሆናቸው በፊት ያገኛቸዋል።

አባቶቻችን ከፈረሳቸው ጋር እስከ መጠራት ደርሰዋል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ያ ክብር ለጦር ፈረስ የተሰጠ ነበር። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው አባባል ግን ለጋሪው ፈረስ ይበልጥ ይስማማል። እርሱ እንዲያደርሰን፣ እኛ ደግሞ የጠፍሩን ቦታ፣ የጭነቱን ልክና የዛቡን መላላት ማወቅ ይጠበቅብናል።