ተረትና እውነታ፦ ጎብጦ የተቃና ታይሮድ

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ዝቋላና ወደ አበርገሌ የሚሄድ መኪና ደጋውን ለቆ ወደ ተከዜ ሸለቆ ይወርዳል፤ በክረምት ጎርፍ የሚሞላውን፣ በበጋ ድንጋይ ብቻ የሚቀርበትን የወንዝ መሻገሪያም ይረግጣል። የጤና ባለሙያውም ሆነ ወላዷን የሚያመጣው አምቡላንስ ገጠር ቀበሌዎች የሚደርሱት በእንዲህ ያለ መንገድ ነው። ስለዚህ ከፊት አክሱ ኋላ ዝቅ ብሎ የተዘረጋው፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች አያይዞ እኩል የሚያዞረው ቀጭን ብረት ጉዳይ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ባለ ሙሉ አክስ ላንድክሩዘር ድንጋይ ላይ ሲወጣ ቶሎ ከሚመቱት ክፍሎች አንዱ ይኸው ታይሮድ ነው። ይጎብጣል። ሹፌሩም ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ብረት ብረት ነው፤ በእሳት አግሎ በመዶሻ ካቃኑት እንደነበረው ይሆናል።»

አይሆንም። የጎበጠ ብረት የመቋቋም ልኩን አንድ ጊዜ አልፏል። ሳይሞቅ ሲቃና፣ ወዲያና ወዲህ እንደታጠፈ ሽቦ፣ እዚያው ቦታ ላይ ይደክማል፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅም ሊጀምር ይችላል። ፋብሪካው በሙቀት አክሞ ጥንካሬ የሰጠው ብረት ከሆነ ደግሞ እሳቱ ያንን ጥንካሬ ያጠፋዋል። በረሃ መሐል የቀረ ሹፌር ታይሮዱን አቃንቶ፣ ቀስ ብሎ እየነዳ ሰቆጣ ቢገባ አያስወቅሰውም፤ ችግር ያመጣው ነው። ጥፋቱ ከተማ ከደረሰ በኋላ «እየሠራ ነው» ብሎ በዚያው መቀጠሉ ነው። ቁልቁለት ላይ ቢሰበር ከመሪው ጋር በቀጥታ ያልተያያዘው ጎማ ወደፈለገበት ይዞራል፤ ያን ጊዜ መሪ ማጥበቅ አያድንም።

«እንግዲያው በላዩ ፌሮ በይዶ ማወፈር ነው» የሚሉም አሉ። ብየዳው ዳር ያለው ብረት በሙቀቱ ባሕርይው ይለወጣል፤ ስብራቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። ታይሮዱ እምቢ ብሎ ቢቀር እንኳ የድንጋዩ ምት አይጠፋም፤ ጫፉ ላይ ወዳለው መጋጠሚያ ወደ ቴስቲናው፣ ወደ ጎማ መያዣው ክንድ ወይም ወደ መሪ ሳጥኑ ይሄዳል። እነዚህ ደግሞ ከታይሮድ የበለጠ ውድ ናቸው፤ ለማግኘትም ይከብዳሉ።

ሌላው የተለመደ እምነት «ትንሽ ብትጎብጥ ምንም አትል» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሒሳቡን ማየት ይበጃል። 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ታይሮድ መሐሉ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ቢጎብጥ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት ወደ 2.7 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ታይሮዱ የሚገፋው ክንድ ከጎማው ቁመት በብዙ ስለሚያጥር ልዩነቱ ጎማው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ታይሮዱ ከአክሱ ኋላ ከሆነ የጎማዎቹ አፍ ወደ ውጭ ይከፈታል። መኪናው ይቅበዘበዛል፣ ጎማውም በአንድ ወገን ይበላል። ይህን የንፋስ ማነስ ነው ብሎ ጎሚስታ ጋር መመላለስ፣ ወይም የተጣመመውን መሪ ነቅሎ ቀጥ አድርጎ መልሶ ማሰር ምልክቱን ይደብቃል እንጂ በሽታውን አይነካም።

መፍትሔው ታይሮዱን መቀየር ነው፤ ቅየራው ላይም የራሱ ተረት አለ። ቴስቲናው አልፈታ ሲል «ዝጓል» ተብሎ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ይሰካል። ሁልጊዜ ግን ዝገት አይደለም፤ የታይሮዱ አንዱ ጫፍ ጥርሱ ግራ ዙር ነው። እንዲህ የተሠራው ጫፉን አጥብቆ የሚይዘው ክላምፕ ከላላ በኋላ ብረቱን ባለበት እያሽከረከሩ ማስረዘምና ማሳጠር እንዲቻል ነው። ያላወቀ ሰው ፈታሁ ብሎ ያጠብቃል፤ ጥርሱንም ይበላዋል። ቴስቲናውን ከክንዱ ለማላቀቅም የሚመታው የቡሎኑ ጫፍ አይደለም። ዳዶው በጥቂት ጥርስ ተንጠልጥሎ እንዲቆይ ይደረግና ቴስቲናው የገባበት የክንዱ ዓይን ከጎኑ በመዶሻ ይመታል፤ ድንገት ይለቃል።

ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ያገለገለ ታይሮድ የሚያስመጣ ሰው ቀጥ ያለውን ዓይነት በተስተካከለ ወለል ላይ አንከባሎ ይየው፤ ከዘለለ አይግዛ።

«ጥርሱን ቆጥሬ እንደ አሮጌው አስገብቻለሁ፤ ልኬት አያስፈልግም» የሚለውም አያዛልቅም፤ የጎበጠው ብረት ልኩን አጥቷል፣ አዲሱም በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊለይ ይችላል። ማሽን በሌለበት ቦታ ሜትርና ጠመኔ ይበቃሉ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ መሪው ቀጥ ብሎ፣ በሁለቱ የፊት ጎማዎች የፊት ገጽ ላይ በአክሱ ቁመት መሐል መሐሉ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት ይለካል። ከዚያ ምልክቶቹ በዚያው ቁመት ወደ ኋላ እስኪዞሩ መኪናው ይገፋና እንደገና ይለካል። የሁለቱ ልኬቶች ልዩነት ከመኪናው መመሪያ ጋር ይነጻጸራል። ባለ አራት ጎማ ሞተር ላይም አለካኩ ያው ነው፤ ግን ለግራና ለቀኝ የየራሱ ታይሮድ ስላለው ሁለቱም ይስተካከላሉ።

መጨረሻ የሚገባው ዳዶው እንዳይላላ የሚይዘው ሽቦ፣ ኮፒሊያ፣ ነው። የዳዶው ጥርስ ከቀዳዳው ጋር ካልገጠመ ትንሽ ይጠበቃል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም። አሮጌው ኮፒሊያም ተቃንቶ አይመለስም፤ አዲስ ይገባል።