የሞተር ዘይትና ቤንዚን ስንቀላቅል፣ በምን እንለካ?

የዛሬው ንግግራችን በአትክልተኝነት ሥራ ለተሰማራችሁ፣ ሔርሜሽ የሚባለውን የሣር መቁረጫ ወይም ማፑአሕ የሚባለውን የቅጠል መንፊያ ለምትይዙ ነው።

አንዲት እናት ቢሮዬ መጥተው፣ «ልጄ፣ ባለቤቴ እህል አልቀምስ ብሏል። መኪናውን አቃጠልክ፣ ከደሞዝህ ይቆረጣል ብለውታል» አሉኝ። ሰውየውን አነጋገርኳቸው። በመጀመሪያው ቀን ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ተሰጥቷቸው፣ አንዲት ትንሽ ኩባያ ዘይት ሞልተው እንዲጨምሩ ታዘዙ። እንደታዘዙት ሠሩ። በሁለተኛው ሳምንት ጀሪካኑ በባለ 10 ሊትር ተለወጠ። ኩባያዋ ግን ያችው ነበረች፤ እጥፍ መሆን እንዳለበት የነገራቸው ሰው የለም። ሞተሩ ደረቀና ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአውቶሞቢል ሞተር ዘይቱን ለብቻው ከሥሩ ይይዛል። ባለ ሁለት ምት የሚባለው ትንሽ ሞተር ግን የዘይት ማጠራቀሚያ የለውም። ፒስተኑንና ውስጡ የሚሽከረከሩትን ብረቶች የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱ ካነሰ ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ ይግላል፣ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ከበዛ ደግሞ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይቆሽሻል፣ ማርሚታው በጥላሸት ይደፈናል። ሁለቱም ጥፋት ነው፤ የሚብሰው ግን ማነሱ ነው፤ የቆሸሸ ካንዴላ ይጠረጋል፣ የተጣበቀ ሞተር ግን ብዙ ጊዜ አይድንም።

በመኪናው ክዳን ወይም በመመሪያው ላይ 1:50 የሚል ታያላችሁ። በዕብራይስጥ «ኤሐድ ለሐሚሺም» ይሉታል። አንድ እጅ ዘይት ለሃምሳ እጅ ቤንዚን ማለት ነው። አንድ ሊትር 1000 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ለሃምሳ ስታካፍሉት 20 ይሆናል። ስለዚህ ለ1 ሊትር 20፣ ለ5 ሊትር 100፣ ለ10 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ነው። 1:40 ከተባለ ለ5 ሊትር 125፣ 1:25 ከተባለ 200 ይሆናል። ጓደኛችሁ የሚይዘው መኪና ሌላ ልክ ሊኖረው ስለሚችል የራሳችሁን መኪና ጽሑፍ ተከተሉ።

በሻይ ብርጭቆ ወይም በዓይን አትለኩ። እህል በቁና የለካ እጅ ትንሽ ቢያጎድል ቢያተርፍ አይጎዳም፤ ይህ ግን እንደዚያ አይደለም። ቁጥር የተጻፈበት የዘይት መለኪያ ከሌላችሁ ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ባለ 20 ስሪንጅ ግዙ። ሲሲ ቢልም ሚሊ ሊትር ቢልም አንድ ነው። በ1:50 ልክ ለእያንዳንዱ ሊትር አንድ ሙሉ ስሪንጅ ነው፣ በቃ። የሕፃን ጡጦም መስመር አለው፤ ዘይት የነካው ጡጦ ግን ወደ ልጅ አፍ መመለስ የለበትም።

ዘይቱ ለባለ ሁለት ምት የተሠራው ይሁን፤ «ሼሜን ዱ ፔኢማቲ» ብላችሁ ጠይቁ። የአውቶሞቢል ዘይት አይተካውም። ከቤንዚኑ ግማሹን ጀሪካን ውስጥ ጨምሩ፣ ዘይቱን አስከትሉ፣ ከድናችሁ ናጡት፣ ቀሪውን ቤንዚን ሙሉና እንደገና ናጡ። መኪናው ውስጥ ከመቅዳታችሁ በፊትም እንዲሁ። ከአንድ ወር በላይ አታስቀምጡት። ዊል ያላቸው ብዙዎቹ የሣር ማጨጃዎች ግን የዘይት ክዳናቸው ለብቻው ስለሆነ ንጹሕ ቤንዚን ነው የሚፈልጉት፤ እዚያ ቅልቅል አታድርጉ።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳይበርድ ነዳጅ አይቀዳም፤ ሲጋራም አይጨስም። ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቃችሁ ቅልቅሉን በኮካ ኮላ ወይም በውሃ ጠርሙስ ወደ ቤት እንዳታመጡ ነው። ቀለሙ ልጅ ያታልላል። ልጅ ከጠጣ እንዲያስመልስ አታስገድዱት፤ ቤንዚኑ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ወዲያው 101 ደውሉና ማገን ዳቪድ አዶምን ጥሩ።

የሰውየውን ጉዳይ ደግሞ ልንገራችሁ። በእስራኤል የ1958 የደሞዝ ጥበቃ ሕግ አሠሪ እንዳሻው ከደሞዝ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። አብረን ሄደን ጀሪካኖቹንና ኩባያዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን አስረዳን። ቅጣቱ ቀረ። ጥፋተኛ ነኝ የሚል ወረቀት ግን አስቀድመው ሊያስፈርሟቸው ነበር፤ እናንተም እንዲህ ያለ ወረቀት ቢሰጣችሁ፣ አማርኛና ዕብራይስጥ የሚያውቅ ሰው ሳያነብላችሁ አትፈርሙ።