ቱናው በሚያልፍበት መንገድ፦ ከኦርካ እየራቁ በሸራ መጓዝ

ከፖርቱጋል ደቡባዊ ጫፍ ተነሥቶ በጂብራልታር ሰርጥ በኩል ሜዲትራኒያን ለመግባት የሚሰናዳ የሸራ ጀልባ ካፒቴን፣ ድሮ የሚያስጨንቀው ነፋሱ፣ የሰርጡ ኃይለኛ የውኃ ፍሰትና ግራ ቀኝ የሚተላለፉት የጭነት መርከቦች ነበሩ። ዛሬ ካርታውን ሲዘረጋ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የባሕሩ ጥልቀት 20 ሜትር የሆነባቸውን ቦታዎች በሚያገናኘው መስመር ላይ ነው። በዚያ መስመርና በየብሱ መካከል ከተጓዘ ኦርካ የሚገጥመው ዕድል በጣም ያንሳል። ወደ ጥልቁ ከወጣ ግን፣ ጀልባውን ያለ መሪ ሊያስቀሩት የሚችሉ እንስሳት ከሚመላለሱበት ውኃ ገብቷል ማለት ነው።

ኦርካ ከዶልፊኖች ሁሉ ትልቁ ነው። በሌሎች ባሕሮች ወንዱ እስከ 9 ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ በስፔንና በፖርቱጋል ጠረፍ ያሉት አነስ ብለው ከ5 እስከ 6 ሜትር ተኩል ይደርሳሉ። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ ሲሆን ከዓይኑ በላይ ሞላላ ነጭ ምልክት አለው። የሚኖረው በቤተሰብ ነው፤ የቤተሰቡ ራስ እናት ወይም አያት ናት፣ ልጆችም ካደጉ በኋላ ሳይቀር ከእናታቸው ጎን አይጠፉም። በነጻነት በባሕር የሚኖር ኦርካ ሰው መግደሉ በአስተማማኝ ማስረጃ ተመዝግቦ አያውቅም።

እያንዳንዱ የኦርካ ማኅበረሰብ የራሱ ምግብና የራሱ ልማድ አለው። የእነዚህኞቹ ምግብ ብሉፊን ቱና ነው። ቱናው በጸደይ ወራት ለመራባት ከአትላንቲክ ወደ ሜዲትራኒያን ይገባል፤ የሚያልፈውም በጠባብ ቦታው ስፋቱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው በጂብራልታር ሰርጥ ነው። ሰርጡን እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ከሞሮኮ ወደ ስፔን ከሚሻገሩ ስደተኞች ዜና ጋር ነው። ለኦርካዎቹ ግን ማዕዳቸው በር ላይ የሚመጣበት ጊዜና ቦታ ነው። ከ200 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችለውን ይህን ዓሣ በቅጽበታዊ ፍጥነት አይቀድሙትም። እስከ 30 ደቂቃ ድረስ እየተከተሉ አድክመው ይይዙታል። አንዳንዶቹ ቤተሰቦች ደግሞ አቋራጭ መንገድ አግኝተዋል፤ የስፔንና የሞሮኮ ዓሣ አጥማጆች በረጅም ገመድ የያዙትን ቱና ከጥልቁ ሲጎትቱ ጠብቀው ከመንጠቆው ላይ ይነጥቃሉ።

ብዛታቸው ጥቂት ነው። በ2011 (እ.ኤ.አ.) በተደረገ ቆጠራ 39 ብቻ ተገኝተዋል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በ2019 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መድቧቸዋል። በዚያ ባሕር ላይ የሚደረገው ክርክር ሁሉ የሚዞረው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። ጀልባ በፋብሪካ ይተካል፤ አንዲት ወላድ ኦርካ ብትሞት ግን ማኅበረሰቡ ራሱ ሊናጋ ይችላል።

ነገሩ የተጀመረው በ2020 ነው። ከሰርጡ እስከ ሰሜን ስፔኗ ጋሊሲያ ድረስ የሸራ ጀልባዎች በኦርካ መመታታቸውን ማሳወቅ ጀመሩ። እስከ 2024 ጸደይ ድረስ የተመዘገቡት ግንኙነቶች 700 ገደማ ደርሰዋል። የሚደንቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ትኩረታቸው በአንድ ነገር ላይ መሆኑ ነው። ከጀልባዋ ሆድ ሥር በስተኋላ ወደ ውኃ የወረደ ክንፍ መሰል ሰሌዳ አለ፤ ካፒቴኑ ላይ ሆኖ መሪውን ሲያዞር ታች የሚዞረው ይኸው ነው። የመሪ ክንፍ እንበለው። ኦርካዎቹ በግንባራቸው ይገፉታል፣ ያወዛውዙታል፣ አንዳንዴም በጥርሳቸው ይቦጭቁታል። ሲሰበር ብዙ ጊዜ ትተው ይሄዳሉ።

በብዙ ዘመናዊ የመዝናኛ ጀልባዎች ላይ ይህ ክንፍ ምንም ደጋፊ ሳይኖረው በአንድ ዘንግ ብቻ የተንጠለጠለ ነው። አሠራሩ ለፍጥነትና በቀላሉ ለመታጠፍ ይመቻል፤ ከጎን ብዙ ቶን ሲገፋው ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ክንፉ ብቻውን ተገንጥሎ ቢወድቅ ጀልባዋ አቅጣጫ ታጣለች እንጂ አትሰምጥም። ክፉው ነገር ዘንጉ ሲጣመም ነው፤ በጀልባዋ ሆድ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ይዞ ይሰነጥቃል፣ ውኃም ይገባል። በሐምሌ 2022 ከፖርቱጋሏ ሲነሽ ወደብ አቅራቢያ፣ በግንቦት 2023 ከስፔኗ ባርባቴ ፊት ለፊት፣ በጥቅምት 2023 መጨረሻ ከሞሮኮው ታንጀር ሜድ ወደብ አጠገብ፣ በግንቦት 2024 ደግሞ እዚያው ሞሮኮ በኬፕ ስፓርቴል አካባቢ ጀልባዎች ሰምጠዋል። የመጨረሻዋ 15 ሜትር የምትረዝም ነበረች፤ በላይዋ የነበሩትን ሁለት ሰዎች በአካባቢው ያለፈ የነዳጅ መርከብ አነሣቸው። እስካሁን በዚህ ምክንያት የሞተ ሰው የለም።

ለምን ያደርጉታል? የጋዜጦቹ ተወዳጅ መልስ በቀል ነበር፦ ‘ነጯ ግላዲስ’ የተባለችው እንስት በጀልባ ተጎድታ ለሌሎቹ አስተማረች የሚል። ታሪኩ ያምራል፤ ማስረጃው ግን ቀጭን ነው። ግላዲስ ጀልባ ለሚነኩት ኦርካዎች ሁሉ ተመራማሪዎች የሰጡት የወል ስም ነው፤ 15 ያህሉ በዚህ ስም ተለይተዋል፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። በ2024 ማድሪድ ላይ የተሰበሰቡ የዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ባለሙያዎች ነገሩን ከጨዋታ ጋር ነው ያያያዙት። ሰፈር ውስጥ አንድ ልጅ ያመጣው ጨዋታ በሳምንት መንደሩን እንደሚያዳርሰው፣ ኦርካዎችም እንዲህ ያለ ልማድ ይያያዝባቸዋል። በ1987 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ጠረፍ አንዲት ኦርካ የሞተ ሳልሞን በአፍንጫዋ ላይ ተሸክማ መዋኘት ጀመረች፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሌሎች ተከተሏት፣ ከዚያ ፋሽኑ አለፈ። የመሪ ክንፉ ፋሽን ግን ዓመታት ሆነውት ገና አላለፈም። ቱናው ባለፉት ዓመታት በኮታ ቁጥጥር በማገገሙ ኦርካዎቹ ለጨዋታ ትርፍ ጊዜ አግኝተዋል የሚሉም አሉ። እኔን የጨዋታው ማብራሪያ ያሳምነኛል። ሆኖም እግሩ ሥር ውኃ ለሚገባበት ሰው ማጽናኛ እንደማይሆነው እገምታለሁ።

ስለዚህ ካፒቴኑ ጉዞውን የሚያሰላው በቱናው የቀን መቁጠሪያ ነው። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የሚከፋው ከካዲዝ ባሕረ ሰላጤ እስከ ሰርጡ ያለው ውኃ ነው። በጋው ሲያልቅ ብዙዎቹ ኦርካዎች በፖርቱጋል ጠረፍ ወደ ሰሜን ያቀናሉ፤ ያን ጊዜ የሚያሳስበው ጋሊሲያ ይሆናል፤ ከፈረንሳይ ተነሥተው ወደ ደቡብ የሚወርዱ ጀልባዎች በመንገድ ላይ የሚጋጠሟቸውም በዚሁ ወቅት ነው። ፈጽሞ ነጻ የሆነ ወር የለም፤ በመስከረም 2025 እንኳ ከሊዝበን ወጣ ብላ ካለችው ኮስታ ዳ ካፓሪካ ፊት ለፊት አንዲት ጀልባ ሰምጣለች።

የ20 ሜትሩ መስመር የሚሠራው ኦርካዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ጥልቅ ውኃ ስለሚመርጡ ነው ተብሎ ይታሰባል። ይሁን እንጂ መስመሩን መከተል ሲናገሩት ቀላል ነው። የስፔን ደቡባዊ ጠረፍ ሰዎችም ቱናውን የሚጠብቁት በዚያው በዳርቻው ነውና። አልማድራባ የሚባለው የመረብ ወጥመድ በኮኒል፣ በባርባቴ፣ በዛሃራና በታሪፋ ፊት ለፊት በመልሕቅ ተወጥሮ ከዳርቻው ወደ ባሕሩ ርቆ ይዘረጋል። ሥራው ከፊንቄያውያን ዘመን ጀምሮ እንደቆየ ይነገራል፤ በቦሎኛ ዳርቻ ባለችው የሮማውያን ከተማ በባኤሎ ክላውዲያ ቱና በጨው ይታሽባቸው የነበሩ ገንዳዎች ዛሬም ይታያሉ። ወጥመዱ የሚጣለው ኦርካዎቹ በሚመጡበት ወቅት ነው። ካፒቴኑ በኦርካው ጥልቅና በአጥማጁ መረብ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ መጓዝ አለበት ማለት ነው፤ ከትራፋልጋር አፍንጫ ፊት ለፊት ደግሞ ማዕበል የሚያናውጠው ጥልቀት የሌለው ቦታ አለ፣ ከታሪፋ በኩል ሌቫንቴ የሚሉት የምሥራቅ ነፋስ ሲነሣ ጉዞው ራሱ ይከብዳል። በፖርቱጋል ጠረፍ ላይ ደግሞ የኦክቶፐስ ወጥመዶች ገመድ የሞተሩን ፕሮፔለር ይጠልፋል። ሌሊት ይህን ሁሉ ማየት አይቻልም። ለኦርካ ሲሉ ዳርቻ የተጠጉ በዐለትና በመረብ መከራ ሊያዩ እንደሚችሉ ጥሩ ካፒቴን ይዘነጋዋል ብዬ አላስብም።

ቢመጡስ? ምክሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተገልብጧል። መጀመሪያ ይባል የነበረው ሸራውን አውርዱ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ መሪውን ልቀቁ፣ ዝም በሉ ነበር፤ የማይንቀሳቀስ ነገር ይሰለቻቸዋል በሚል። የስፔን ትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2024 ያወጣው መመሪያ ግን አትቁሙ ይላል፦ ወደ ባሕሩ ዳርቻ፣ ወደ ጥልቀት የሌለው ውኃ ጉዞአችሁን ቀጥሉ። ማምለጫው ፍጥነት አይደለም። የሸራ ጀልባ በሞተር በሰዓት ከ13 ኪሎ ሜትር ብዙም አትዘልም፣ ኦርካ በአጭር ርቀት ከ50 ኪሎ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ዓላማው ከእነሱ ሜዳ መውጣት ነው። ተጓዦቹ ከጠርዝ ርቀው መካከል ላይ ይቀመጣሉ፤ ድንገተኛ ግፊት መሪውን በኃይል ስለሚያሽከረክረው እጅ እንዳይሰብር ከመሪው ይጠነቀቃሉ። የሕይወት አድን ጃኬት ይለበሳል፣ በሬዲዮ ቻናል 16 ለባሕር አድን አገልግሎቱ ይነገራል፣ አንድ ሰው ወርዶ በዘንጉ ዙሪያ ውኃ መግባት አለመግባቱን ያያል።

ከዚህ ውጭ የሚወራው መላ ብዙ ነው፦ ርችት መወርወር፣ ብረት መቀጥቀጥ፣ አሸዋ መበተን፣ ናፍጣ ማፍሰስ፣ ድምፅ የሚለቅ መሣሪያ መጎተት። በስፔን ሕግ እነዚህን እንስሳት መጉዳትና ማወክ ክልክል ነው። ሕጉ ባይኖርም እኔ በርችቱ አልስማማም፤ በመስማት የሚኖር ፍጥረትን ጆሮ ማደንቆር፣ ያውም ጥቂት ወገን ብቻ ለቀረው፣ ለተሰበረ የመሪ ክንፍ የሚከፈል ዋጋ አይደለም። ብልህ እንስሳት በመሆናቸው ዛሬ የሚያስፈራቸው ድምፅ ነገ ሊለመድ እንደሚችልም ተመራማሪዎቹ ያስጠነቅቃሉ።

ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ የሌሎች ካፒቴኖች ዘገባ ነው። የስፔንና የፖርቱጋል ተመራማሪዎች ያሉበት የአትላንቲክ ኦርካ የሥራ ቡድን የተመቱ ጀልባዎችን ቦታና ጊዜ በካርታ ላይ እያሰፈረ ያወጣል፤ ሰው ከወደብ ከመውጣቱ በፊት በስልኩ ያየዋል። የእንግሊዙ የጀልባ ተጓዦች ማኅበር ክሩዚንግ አሶሴሽን ደግሞ ከተመቱት ብቻ ሳይሆን ምንም ሳይገጥማቸው ካለፉትም ቅጽ ይሰበስባል፦ በየትኛው ጥልቀት፣ በስንት ሰዓት፣ በሸራ ወይስ በሞተር፣ የጀልባዋ ሆድ ቀለም ሳይቀር ተሞልቶ። በሰላም ገብቶ ምሳውን ለሚያስብ ካፒቴን ቅጹን መሙላት አሰልቺ ነው። ነገር ግን ኦርካ ያልገጠማቸው ስንት እንደሆኑ ካልታወቀ፣ የገጠማቸው ብዙ ይሁኑ ጥቂት መመዘን አይቻልም።