የጭላዳ ጥርስና የደጋው ገብስ

ጭላዳ የበግ ግልገል ይበላል የሚል ወሬ ሰሞኑን ደጋግሞ ጆሮዬ ገባ። ወሬው ሲዞር እየሰባ ሄዶ፣ የእንስሳው ደረት ላይ ያለው ቀይ ቆዳ እንኳ የደም ምስክር ተደርጎ መቅረብ ጀምሯል። በግ በላ የተባለ አውሬ ጥይትና መርዝ ይገባዋል ተብሎ ስለሚፈረድበት፣ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ጭላዳ ግልገል አያድንም። ምግቡ ሣር ነው። ገብስ ደግሞ የሣር ወገን ነው። በላስታ ደጋ በገበሬውና በጭላዳው መካከል ያለው እውነተኛ ጠብ ከዚህ ይነሳል፤ መነጋገር ያለብንም ስለዚህ ነው።

መሠረታዊውን በአጭሩ ልለፈው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም። በጥንት ዘመን ከአፍሪካ አልፈው እስከ ስፔንና ሕንድ ከደረሱት ዘመዶቹ መካከል የተረፈው እሱ ብቻ ነው። በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ ዘመኑም 1835 እ.ኤ.አ. ነበር። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል፤ ሲነጋ ወደ ሜዳው ወጥቶ ሲግጥ ይውላል። ደረቱ ላይ ያለው መላጣ ቆዳ ቁስል አይደለም፤ ቁጭ ብሎ የሚውል እንስሳ በመሆኑ ሌሎች ዝንጀሮዎች በመቀመጫቸው የሚያሳዩትን ምልክት እሱ በደረቱ ያሳያል። አልፎ አልፎ ነፍሳት ይበላል፤ በ2009 እ.ኤ.አ. መንዝ ጓሳ ላይ አንበጣ ሲወርድ ጭላዳዎች እየለቀሙ ሲበሉ ታይተዋል። ግልገል የሚነጥቀው ግን ሌላው፣ ተራው ዝንጀሮ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ ዜና የሚሠራ ሰው አንዱ ባጠፋው ሌላውን ያስቀጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሣር መብላት ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የሣር ቅጠል ምግብነቱ ሁለት ቦታ ላይ ነው ያለው፤ ከፊሉ በሴሎቹ ውስጥ፣ ከፊሉ ደግሞ ሴሎቹን በከበበው የሴሉሎስ ግድግዳ። ይህን ግድግዳ የሚያሟሟ ኢንዛይም ላምም ሆነች ጭላዳ በሰውነታቸው አያመርቱም፤ የሚያመርቱት በሆድ ዕቃቸው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችና ሌሎች ደቂቅ ሕዋሳት ናቸው። ስለዚህ ሣር በል እንስሳ ሁሉ ሁለት ሥራ አለበት፤ ቅጠሉን አድቅቆ መሰባበር፣ ከዚያም ለደቂቅ ሕዋሳቱ የማብላያ ቦታና ጊዜ መስጠት።

ላም፣ በግና ድኩላ ይህን ጣጣ የሚወጡት በማመስኳት ነው። ባለ አራት ክፍል ሆዳቸው ውስጥ ያራሱትን ሣር ወደ አፋቸው መልሰው ደግመው ያኝኩታል። ጭላዳ አያመሰኳም። አንዴ የዋጠው አይመለስም፤ መድቀቅ ያለበት ሁሉ በመጀመሪያው ማኘክ መድቀቅ አለበት። ሸክሙ በሙሉ ጥርሱ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ያንን ሸክም የቻለው ጥርስ በጣም ያስደንቃል። ድንጋይ ወፍጮ በሥራ ብዛት ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ወፍጮ እህሉን ያንሸራትተዋል እንጂ ስለማይፈጨው እንደገና ይወቀራል። የጭላዳ መንጋጋ ጥርስ ራሱን በራሱ የሚወቅር ወፍጮ ነው። ኢናሜል የሚባለው ጠንካራ ሽፋኑ ጥርሱ ላይ ተጣጥፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ጥርሱ ሲበላ ከሥር ያለው ለስላሳው ዴንቲን ይገለጣል፤ ዴንቲኑ ቶሎ ስለሚሟሽሽ ጠንካራው ኢናሜል እንደ ስለት ከፍ ብሎ ይቀራል። መበላቱ ራሱ ስለቱን ይሠራል። በዚያ ላይ ጥርሶቹ ቁመታቸው ረጅም ነው፤ የኋለኞቹ ዘግይተው ስለሚወጡም የፊተኞቹ አልቀው ሲለሰልሱ የኋለኞቹ ገና ሥራ ላይ ናቸው። የፊት ጥርሶቹ በአንጻሩ ትንንሽ ናቸው፤ ሣሩን የሚያጭደው እጁ ነውና። አጭር ጠቋሚ ጣቱና አውራ ጣቱ በደንብ ስለሚገጥሙ፣ በሁለት እጁ እየለቀመ ጭብጡ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል። ውጤቱን ተመራማሪዎች ሲመዝኑት፣ ጭላዳ ሣርን በማድቀቅ ከሜዳ አህያ የማያንስ ሆኖ አገኙት። ዝንጀሮ ከሜዳ አህያ ጋር በሣር ማኘክ መወዳደሩ ከተፈጥሮ ድንቆች አንዱ ነው እላለሁ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥርሱን በዋናነት የሚበላው በሣሩ ውስጥ ያለው ሲሊካ የሚባል ማዕድን ነው ወይስ ከሣሩ ጋር የሚገባው አፈርና አቧራ? የጥርስ አጥኚዎች እስካሁን የሚከራከሩበት ነው። ሲሊካው ከኢናሜል ይለሰልሳል የሚሉ አሉ፤ ለስላሳም ቢሆን ከብዙ ዘመን በኋላ ይፍቃል የሚሉም አሉ። በበጋ ሥራሥር የሚቆፍር እንስሳ አፈር አብሮ ስለሚበላ፣ ከጭላዳ ብቻ ተነስቶ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ስለ ስለቱ አሠራር የተናገርኩት ግን በየትኛውም ወገን ቢሆን ጸንቶ ይቆማል።

የደቀቀው ሣር ወደ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ደቂቅ ሕዋሳቱ ይረከቡታል፤ ሴሉሎሱን አብላልተው ጉልበት የሚሆን አሲድ ያወጡለታል። ስሜን ላይ በተደረገ ጥናት እነዚህ ሕዋሳት ከወቅቱ ጋር እንደሚለዋወጡ ታይቷል፤ በክረምት ሣር የሚያብላሉት ይበዛሉ፣ በበጋ ቅንብራቸው ይቀየራል። ይሁንና በዚህ መንገድ ከሣር የሚገኘው ትርፍ አነስተኛ ነው። ዋጋው የሚከፈለው በጊዜ ነው። በከፍተኛው ደጋ ጭላዳ የቀኑን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲበላ ይውላል።

ይህን ይዘን ላስታ ውስጥ ከኩልመስክ ከተማ በላይ ወዳለው ደጋ እንሂድ። ከ4,200 ሜትር በላይ በሚወጣው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ዙሪያ ማረሻ ሽቅብ ወጥቷል፤ ገብሱ የገደሉ አፋፍ ድረስ ይዘራል። የገደሉ አፋፍ ደግሞ የጭላዳ ቤት ደጃፍ ነው። ጭላዳ ቅጠልና ፍሬ አንድ ላይ ሲያገኝ ፍሬውን ያስቀድማል። የዱር ሣር ፍሬ ጥቃቅን ነው፤ ገብስ ግን ሰው ለሺህ ዓመታት እየመረጠ ፍሬውን ያፋፋው ሣር ነው። እሸት የያዘ ማሳ ለጭላዳ የግማሽ ቀን ማኘክ በጥቂት ጊዜ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ተንኮል የለበትም፤ የሰውነቱ ስሌት ነው። የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ እዚያ ማሳ ላይ ላለው ገበሬ ግን ስሌቱ አያጽናናውም፤ ንዴቱም ተገቢ ነው።

ከውጭ የሚቀዳው ምክርም እዚህ አይሠራም። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ዳርቻ አጋዘን ጓሮ እየገባ ጽጌረዳ ይበላል፤ እዚያ ከፍ ያለ አጥር ማጠር ወይም አጋዘን የማይወደውን ተክል መትከል ይመከራል። አጋዘን ለስላሳ ቀንበጥ መርጦ የሚቀጥፍ፣ የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። በየማታው ገደል የሚወርድ እንስሳ አጥር አያቆመውም፤ ደገኛውም ገብስ ትቶ የማይበላ ተክል ሊዘራ አይችልም።

የሚሠራው ከእንስሳው አመጋገብ የሚነሳው መፍትሔ ነው። ጥበቃውን ዓመቱን ሙሉ ከመበተን እሸት በሚይዝበት ሳምንታት ላይ ማጠናከር፤ በማሳውና በገደሉ መካከል የማይታረስ፣ ከብትም የማይበዛበት የሣር ቀበቶ መተው፤ ለጥበቃው የሚደክመውንና እህሉ የተበላበትን ገበሬ መካስ። ሣርን ጠብቆ ማቆየት አዲስ ነገር አይደለም፤ የመንዝ ሰዎች የሣር መሬታቸውን ጓሳን በራሳቸው ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀው አቆይተዋል። ጭላዳ ለሌላ እንስሳም ይጠቅማል፤ እዚያው ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ያህል ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶ ያህል ነው። ቀይ ቀበሮ አቡነ ዮሴፍ ላይም ስላለ፣ ጭላዳን መመረዝ ጉዳቱ በጭላዳ አያበቃም።

ስለዚህ ጭላዳ አጠፋ የሚል ዜና ሲመጣ፣ ስንት በግ ተበላ ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። የሚጠየቀው በገደሉና በገብሱ መካከል ስንት እርምጃ ሣር እንደቀረ፣ ለገበሬውም ኪሳራውን ማን እንደሚከፍለው ነው። ጎብኚ ጭላዳ ለማየት የሚከፍለው ገንዘብ ጭላዳውን በገብሱ ወደሚቀልበው ገበሬ እስካልደረሰ ድረስ፣ ወሬውም ጥይቱም አይቆሙም።