ጅብራ ሥራ አይፈታም

ልጅ ሆኜ፣ ተልኬ በር ላይ ፈዝዤ ስቀር እናቴ «ምን እንደ ጅብራ ይገትርሃል!» ትለኝ ነበር። ተክሉን ሳላየው፣ ጅብራ ማለት ሥራ ፈት ፍጥረት ነው ብዬ አደግሁ። ስሜን ተራሮች ውስጥ ጊጭ ላይ አድሬ ሲነጋ ካየሁት ወዲህ ግን ይህ አባባል በተክሉ ላይ ግፍ መሆኑ ይሰማኛል።

ስለ ማንነቱ ብዙ አልልም። በተፈጥሮ የሚበቅለው በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ስሜን፣ ባሌ፣ ጮቄ፣ ጓሳ። የሳይንስ ስሙ ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም ነው። ከሩቅ ዘንባባ ይመስላል፤ ዘንባባ ግን አይደለም።

«ተገትሯል» ወደሚባለው ልመለስ። እዚያ ከፍታ ላይ ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፤ በበጋ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ደግሞ ውርጩ መሬቱን ያደርቀዋል። በሌላ አገር ያለ ብዙ ዛፍ ብርዱን በዓመት አንዴ ቅጠሉን አራግፎ፣ ተኝቶ ያሳልፈዋል። ለጅብራ ግን ብርዱ ማታ መጥቶ ጠዋት ይሄዳል፤ ማታ ደግሞ ይመለሳል። መተኛት አይችልም። ከዚያ የባሰው፣ ቅርንጫፍ የለውም። ሌላ ዛፍ አንዱ ጫፉ ቢደርቅ በሌላው ያቆጠቁጣል፤ ጅብራ ያለው አንድ አናት ነው፤ እሱን ውርጭ ከመታው አለቀ።

ስለዚህ ማታ ማታ አናቱን ይሸፍናል። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከድንኳን ወጥቼ ባትሪ አበራሁበት፦ ቀን እንደ ጃንጥላ ተዘርግተው የነበሩት ረጃጅም ቅጠሎች ወደ ላይ ተሰብስበው እንደ ጥቅል ጎመን ተደራርበዋል። የውጪዎቹ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል፤ ለጋው እምቡጥ መሀል ላይ ተከድኖ አድሯል። ሦስት ሰዓት ሲሆን እኔ ጋቢዬን አወለቅሁ፤ እሱም ተከፍቶ ፀሐዩን ይመገብ ነበር። ይህን ለበርካታ ዓመታት በየቀኑ ያደርገዋል። ግንዱን ጠጋ ብላችሁ ብታዩ፣ የረገፉት ቅጠሎች ጠባሳ ከታች እስከ ላይ ተደርድሯል።

ከዚያም አንድ ጊዜ ያብባል፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያው ሲጠብቀው ከኖረው አናት መሀል ወፍራም የአበባ ዘንግ ተመዝዞ ይወጣል፤ ከግንዱ ጋር ቁመቱ ስድስት ሜትር ሊያልፍ ይችላል። አበቦቹ ጥቁር ሰማያዊ ናቸው፤ የአበባ ማር የሚቀስሙ ወፎች ይመጡባቸዋል። ተክሉ ያጠራቀመውን ሁሉ እዚህ ላይ ያፈስና ይሞታል።

ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የደረቀውን ዘንግ አይቶ «ያለቀለት ነው» ይልና ለጨዋታ ይገፋዋል፣ በበትር ይመታዋል፣ ፎቶ ለመነሳት ይንጠለጠልበታል። እኔ በነበርኩበት ቀን አንድ ጎረምሳ አንዱን ገፍቶ ጣለው፤ ጓደኞቹም አጨበጨቡ። ያ ደረቅ ዘንግ እኮ ሥራ ላይ ነበር። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ ንፋስ ዘንጉን በወዘወዘው ቁጥር ከየፍሬው ጥቂት ጥቂት ይበተናል። ከፍ ብሎ በቆመ መጠን ዘሩ ርቆ ይሄዳል። መሬት ላይ ከተጋደመ እዚያው ይከመራል። እባካችሁ፣ ደረቅ ነው ብላችሁ አትንኩት። እርጥቡንም ቅጠሉን አትቅጠፉ፤ የሚፈሰው ነጭ ወተት ዓይን ከነካ ያቃጥላል።

ውርጭን እንዲህ በቻለ ተክል ላይ አሁን የመጣበት ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት፣ ዛሬ ለጅብራ ከሚመቸው መሬት እ.ኤ.አ. በ2080 የሚተርፈው 3.4 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሚሆን ተንብዮአል። ቆላው ወደ ላይ በገፋ ቁጥር ጅብራም ወደ ላይ ይሸሻል፤ ከራስ ዳሸን በላይ ግን መሬት የለም።

ከጊጭ ስንወርድ አብሮን የሚሄደው የፓርኩ ስካውት ድንገት ከመንገዱ ወጥቶ በሣሩ ላይ ዞረ። እኔ በቀጥታው ልሄድ ስል እጄን ያዘኝ።

«ወዲህ ዙር ወንድሜ፤ እዚህ ልጆቹ አሉ።»

ጎንበስ አልኩ። አንድ የወደቀ አሮጌ ዘንግ አጠገብ፣ ከመዳፌ የማይበልጡ አሥራ አንድ ጅብራዎች መሬት ላይ ተዘርግተው ነበር። ደመና ፀሐዩን ስለጋረደው ይሁን መምሸቱ ስለሆነ፣ ሁለቱ ቅጠላቸውን ወደ ላይ መሰብሰብ ጀምረዋል።