«ፒዲ-ኤል1 ፖዘቲቭ» ማለት ብቻውን ውጤት አይደለም

ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ የአንድ የሳንባ ካንሰር ታካሚ ሪፖርት መጣ። የተጻፈው «ፒዲ-ኤል1፦ ፖዘቲቭ» ብቻ ነው። ስንት በመቶ? የትኛው ሴል ላይ? በየትኛው አንቲቦዲ? ምንም የለም። ቤተሰቡ ደግሞ «ይህ ፕሮቲን የሚገኘው ካንሰር ላይ ብቻ ነው፤ ፖዘቲቭ ከሆነ ተሰራጭቷል ማለት ነው» የሚል ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ አንብበው ደንግጠዋል። ጽሑፉ ያላቸው ሁለቱም ነገሮች ስህተት ናቸው።

1. ፒዲ-ኤል1 የካንሰር ብቻ አይደለም። ጤነኛ ሰው ሰውነት ውስጥም አለ። የእንግዴ ልጅ ላይ በብዛት ይገኛል። የቶንሲል ስርጉዶችን የሚሸፍኑት ሴሎች፣ ማክሮፌጅና ዴንድሪቲክ የሚባሉት የበሽታ መከላከያ ሴሎችም ይሸከሙታል።

2. ሥራው ማብረድ ነው። ቲ ሴል በሚባለው የበሽታ መከላከያ ሴል ላይ ካለው ፒዲ-1 ጋር ሲገናኝ ቲ ሴሉ ጥቃቱን ይቀንሳል። ብግነት ባለበት ቦታ ኢንተርፌሮን ጋማ መጠኑን ስለሚጨምረው በቲቢ የተጎዳ ሳንባ ውስጥም ይታያል። ካንሰር ይህንኑ መንገድ ለመደበቂያ ይጠቀምበታል። የፒዲ-1 ግኝት ለታሱኩ ሆንጆ በ2018 እ.ኤ.አ. ኖቤል ያስገኘውም ይህን መንገድ መዝጋት ካንሰርን ለማከም ስላስቻለ ነው።

3. አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፤ ማክሮፌጅ! የሳንባ አየር ከረጢት ውስጥ የሚኖሩት ማክሮፌጆች ትልልቅ ናቸው፣ ከዕጢው ጎን ይቀመጣሉ፣ ቀለሙንም በደንብ ይይዛሉ። የሳንባ ካንሰር ላይ የሚሠራበት ቲፒኤስ የተባለው ስሌት ግን የሚቆጥረው የዕጢውን ሴሎች ብቻ ነው፤ ያውም ቢያንስ 100 በሕይወት የነበሩ የዕጢ ሴሎች ሲኖሩ፣ ቀለሙም ሽፋናቸው ላይ ሲሆን። ማክሮፌጁን አብሮ የቆጠረ ሰው 10 በመቶውን 60 ሊያደርገው ይችላል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ደግሞ ፒዲ-1ን የሚያግደውን መድኃኒት ፔምብሮሊዙማብን ያለ ኬሞ ብቻውን ለመስጠት መነሻ የሚሆን ቁጥር ነው! ቤት ሸጦ መድኃኒት የሚገዛ ቤተሰብ በዚህ ቁጥር ነው የሚወስነው።

የማህፀን በር ካንሰር ላይ ግን ሲፒኤስ የተባለው ስሌት ስለሚሠራ ማክሮፌጁና ሊምፎሳይቱም ይቆጠራሉ። እዚያ አለመቁጠር ነው ስህተቱ። የትኛው ስሌት እንደተሠራ ያልጻፈ ሪፖርት እንዴት ይነበባል?

የአንቲቦዲው ስምም መጻፍ አለበት። ኤስፒ142 የተባለው አንቲቦዲ 22ሲ3 ከተባለው ያነሱ የዕጢ ሴሎችን ነው የሚያቀልመው። ፒዲ-ኤል1 እንዳለው የሚታወቀው ቶንሲል ለማነጻጸሪያ አብሮ ካልተሠራ «ኔጋቲቭ» የሚለውን ለማመን ይከብዳል፤ ቀለሙ ራሱ ሠርቶ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ደግሞ ናሙናው! በጣት በምትለካ ፎርማሊን፣ አንዳንዴም በሳላይን ብቻ ይላክልናል። መጠየቂያ ቅጹ ላይ ናሙናው ከየት እንደተወሰደ እንኳ አይጻፍም። ተቋማት ውድ ማሽን ሲገዙ ያስመርቃሉ፤ ናሙናውን በ10 በመቶ በፈርድ ፎርማሊን ከ6 እስከ 72 ሰዓት የሚያቆይ ሥርዓት ግን አይዘረጉም። ይህ የበጀት ችግር አይደለም፤ የቸልተኝነት ነው።

ሕመምተኛ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሪፖርቱ ላይ በመቶኛው ወይም ነጥቡ፣ የስሌቱ ዓይነትና የአንቲቦዲው ስም መኖሩን እዩ። ከጎደለ መልሳችሁ ጠይቁ። የፓራፊን ብሎኩንም ተቀብላችሁ አስቀምጡ፤ ሌላ ፓቶሎጂስት ደግሞ ሊያየው የሚችለው እሱ ሲኖር ነው።